እያደር ይጠራል፤ ግን ስንት ሌሊት?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ስንባባል ኖረናል። ደግ ተረት ነው። ፍርድ ቤት ሲመላለስ ጫማው ያለቀበት ባለጉዳይ፣ በሐሜት ስሟ የጠፋ ጎረቤት፣ ሳያጠፋ ከሥራው የተነሳ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁሉም ይህችን ምርኩዝ ይዞ አንድ ሁለት ክረምት ይሻገራል። እኔ ግን ተረቷን በሰማሁ ቁጥር የምጠረጥረው «እያደር» የምትለዋን ቃል ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህርነት የተወብኝ አባዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ትልቁን ነገር ትቼ ትንሿን ቃል እነካካለሁ። እያደር ማለት ስንት ሌሊት ነው? እስኪነጋ ድረስ ያለውንስ ሌሊት ማን ነው የሚያድረው?

ይህን የምለው ስለ ዩክሬን ላወራ ስለፈለግሁ ነው። (ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።) ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የሩሲያ ጦር ዩክሬንን ወረረ። ከዚያ በፊት ለሳምንታት የሞስኮ ባለሥልጣናት «የመውረር ሐሳብ የለንም፣ ልምምድ ነው» ሲሉ ከርመዋል። ከወረሩም በኋላ ነገሩ ጦርነት አልተባለም፤ «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» ተባለ። ማርች 4 ቀን የወጣው ሕግ ደግሞ ስለ ጦሩ «ሐሰተኛ ወሬ» የሚያሰራጭ ሰው እስከ 15 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ደነገገ። አሌክሴይ ጎሪኖቭ የተባለ የሞስኮ ወረዳ ምክር ቤት አባል፣ በስብሰባ ላይ ነገሩን «ጦርነት» ብሎ ስለጠራና ሕፃናት እየሞቱ ነው ስላለ በዚያው ዓመት 7 ዓመት ተፈረደበት። አንድን ነገር በስሙ መጥራት ሰባት ዓመት ያስከፍላል ማለት ነው።

መቼም ውሸት አዲስ ነገር አይደለም። በጦርነት ጊዜ የማይዋሽ መንግሥት ካለ አሳዩኝ። አዲሱ ነገር የውሸቱ ዓላማ ነው። ጁላይ 17 ቀን 2014 ከአምስተርዳም ወደ ኳላላምፑር ይበር የነበረ የማሌዥያ አውሮፕላን ምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ ተመትቶ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 298 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በአራተኛው ቀን የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዜጠኞች ሰብስቦ፣ በአካባቢው የዩክሬን ተዋጊ ጄት ታይቶ ነበር አለ። በዓመቱ ደግሞ የዚያ ዓይነት ሚሳይል አምራች የሆነው የሩሲያው ኩባንያ ራሱ ብቅ ብሎ፣ የለም፣ አውሮፕላኑን የመታው ከምድር የተተኮሰ ሚሳይል ነው፣ ግን የተተኮሰው ዩክሬኖች ከያዙት ሥፍራ ነው አለ። ጄቱስ? ስለ ጄቱ ይቅርታ የጠየቀ የለም።

ክፍል ውስጥ ልብ ወለድ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ነበር፤ ታሪኩ እርስ በርሱ ከተጋጨ አንባቢ መጽሐፉን አጥፎ ይነሳል። ደራሲ የፈጠራ ውሸቱ እንዲታመንለት ሲል ሌት ተቀን ይለፋል። የፕሮፓጋንዳው ደራሲ ግን ይህ ልፋት የለበትም። እንዲታመን አይደለም የሚፈልገው። ዛሬ ጄት፣ ነገ ሚሳይል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ያወራና፣ ሰሚው በመጨረሻ ትከሻውን ሰብቆ «ኤዲያ! ማን ያውቃል? ሁሉም ይዋሻል» እንዲል ነው። ያቺ «ማን ያውቃል» ከወጣች ሥራው አለቀ። ንጋትን የሚያስቀር ኃይል እንደሌለው ያውቃል፤ ሌሊቱን ማስረዘም ይበቃዋል።

ረዘመም። የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ሦስት ሰዎችን በሌሉበት ጥፋተኛ ያለው ኖቬምበር 2022 ነው፤ ስምንት ዓመት አልፎ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሩሲያ ተጠያቂ ናት ብሎ የበየነው ጁላይ 2025 ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት። እውነቱ ጠራ፣ አልዋሽም። በመሃሉ ግን ምን ሆነ? ክራይሚያ በ2014 ከተነጠቀች በኋላ፣ አውሮፕላኑም ወድቆ አስከሬን በሱፍ አበባ ማሳ ላይ ከተለቀመ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2015 የአውሮፓ ኩባንያዎች ከጋዝፕሮም ጋር ተቀምጠው በባልቲክ ባሕር ሥር ሁለተኛ የጋዝ ቧንቧ ለመዘርጋት ተፈራረሙ። ቧንቧው በ2021 አለቀ። ጦሩ ድንበር ላይ ተሰልፎ ሳለ ጀርመን ለዩክሬን 5,000 የራስ ቁር ልትልክ ቃል ገባች፤ የኪየቭ ከንቲባ «ቀጥሎስ ትራስ ልትልኩልን ነው?» ብሎ አላገጠ። ወረራው ከተጀመረ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ጆሴፕ ቦሬል ፓርላማ ቆሞ ሂሳቡን አወጣው። ለዩክሬን የሰጠነው ወደ 1 ቢሊዮን ዩሮ ነው፣ በዚሁ ጊዜ ለጋዝና ለነዳጅ ለፑቲን የከፈልነው 35 ቢሊዮን ነው አለ። ኃላፊው ራሱ ነው ያለው፤ የሞስኮ ወሬ አይደለም።

ይህን ሳነብ የእኛ ነገር ነው ትዝ የሚለኝ፤ በግድ አይደለም፣ ራሱ ነው የሚመጣው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት ተነሳ። የጣሊያን ወታደሮች ከድንበሩ ብዙ ዘልቀው ገብተው የተቀመጡበት የውሃ ጉድጓድ ያለበት ሥፍራ ነው። ጣሊያን ደግሞ «ተነካሁ» ብላ ይቅርታና ካሣ ጠየቀች። ኢትዮጵያ ነገሩን በሽምግልና እንየው ብላ ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ሄደች። ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ዘጠኝ ወር ፈጀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ወልወል የማን መሬት ነው የሚለውን ጉዳይ እንዳያነሱ ተደርጓል! ጣሊያን ይህ አይነሳም አለች፣ ታላላቆቹ መንግሥታትም ለሰላም ሲባል እሺ አሉ። ሽማግሌዎቹ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ውሳኔያቸውን ሰጡ፤ በግጭቱ ሁለቱም ወገኖች ጥፋት የለባቸውም። በማግሥቱ ጣሊያን ጄኔቭ ላይ አንድ ጥራዝ የሚያህል ክስ አቀረበች፤ ኢትዮጵያ አረመኔ ናት፣ ባሪያ ትሸጣለች፣ ከሠለጠኑ መንግሥታት ተርታ መቀመጥ አይገባትም የሚል። ወር አልሞላም፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረች።

ጎበዝ፣ ባርነት አልነበረም እንዴ? ነበር። የሚያስቸግረውም ይሄ ነው። የጣሊያን ጥራዝ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ማንም ስቆ በተወው። ከእውነት አንዲት ፍሬ ቆንጥሮ ነው የተዘራው። ዩክሬን ውስጥስ ቀኝ አክራሪ የለም? አለ። በ2019 ምርጫ ግን የአክራሪዎቹ ጥምረት ለፓርቲ መቀመጫ የሚያስፈልገውን 5 በመቶ ድምፅ እንኳን አላገኘም፤ በዚያው ዓመት ሕዝቡ ለፕሬዚዳንትነት የመረጠው ይሁዲ የሆነ ሰው ነው። ይህን ሰው ነው «ናዚ» ብለው የዘመቱበት። ባርነትን ላጠፋ መጣሁ ያለው ጦርስ ምን ይዞ መጣ? የመርዝ ጋዝ።

ስለ ጋዙ ከተነሳ ላይቀር፣ እስከ መጨረሻው እንሂድ። ጣሊያን ማዕቀብ ተጥሎባት ነበር። ነዳጅ ግን አልተካተተም፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ሶቪየት ኅብረት ወረራውን አላጸደቀችም፣ ይህ ይመሰገንላታል፤ ነዳጅ መሸጧን ግን አላቆመችም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። ጣሊያኖች ምን አሉ? ኢትዮጵያውያን የቀይ መስቀልን ምልክት ለማታለያ ይጠቀሙበታል አሉ። ማርች 9 ቀን 2022 ማሪዩፖል ውስጥ የወሊድ ሆስፒታል ሲመታ ሞስኮ ምን አለች? ውስጡ ተዋጊዎች መሽገውበት ነበር አለች፤ ለንደን ያለው ኤምባሲዋም በፎቶው ላይ የምትታየው ነፍሰ ጡር ተዋናይ ናት ብሎ ጻፈ። በሁለቱ መካከል 86 ዓመት አለ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር «አዎን፣ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ተጠቅመናል» ብሎ በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት! ማይጨው ላይ ቆዳው የተላጠ ስንቱ አርበኛ ይህን ሳይሰማ አፈር ገባ። እያደር ማለት አንዳንዴ ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ፍትሐዊ ሰው ነኝ የሚል ሁሉ «የአንድ ወገን ሰምቼ አልፈርድም» ይላል። ትክክል ነው። የአገራችን ሽማግሌም የሁለቱን ይሰማል። ግን ሰምቶ ብቻ አይቀመጥም። ድንበር ገፋኝ የሚል ክርክር ሲመጣለት፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ ወደ ማሳው ይወርዳል። የድንበሩን ድንጋይ ያያል። ትላንት የተነቀለ ድንጋይ ሥሩ እርጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዛፉ ጥላ ተመልሶ የሚፈርደው። የሁለቱን መስማት የሥራው መጀመሪያ ነው። ሰምቶ ብቻ፣ ማሳውን ሳያይ «እንግዲህ ሁለታችሁም ተቻቻሉ» የሚል ሽማግሌ ካለ፣ እሱ ለገፊው ፈርዷል። የወልወል ሽማግሌዎች ድንጋዩን እንዳያዩ ተከልክለው ነበር። የዛሬ ሰው ግን ማንም አልከለከለውም። ቡቻ ላይ የሆነውን ተመልከቱ። የሩሲያ ጦር በማርች 2022 መጨረሻ ከከተማዋ ሲወጣ አስከሬን መንገድ ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። ሞስኮ «እኛ ከወጣን በኋላ የተቀነባበረ ትያትር ነው» አለች። ከሳተላይት የተነሱ ፎቶዎች ግን አስከሬኖቹ ወታደሮቹ ከተማዋን ይዘው በነበሩበት በማርች አጋማሽ እዚያው መንገድ ላይ እንደነበሩ አሳዩ። ድንጋዩ ይኸውና። ከዚህ በኋላ «ሁለቱም ወገን የየራሱን ይላል» ብሎ ማውራት ገለልተኝነት አይባልም። ስንፍና ነው፤ ከባሰም ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ እጁን ሲያወጣ ይታየኛል። «ታዲያ ምዕራባውያኑስ?» ይለኛል። ደግ ጥያቄ ነው፤ አላልፈውም። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ ትንሽ ብልቃጥ አንስቶ ስለ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ የተናገረውን ዓለም ሁሉ አይቷል። መሣሪያው አልተገኘም። በ2022 መጀመሪያ ያቺው አሜሪካ «ሩሲያ ልትወር ነው» እያለች የስለላ መረጃዋን አደባባይ ስታወጣ ስንቱ ነው የሳቀው? ፈረንሳይና ጀርመን ሳይቀሩ ተጠራጠሩ። «ጅብ መጣ» እያለ መንደሩን ሲያታልል የከረመውን እረኛ ተረት ሁላችንም አንደኛ ደረጃ ተምረነዋል። ጅቡ በእውነት ሲመጣ ግን የተበላው ሌላ ሰው በግ ነበር። ከዚያም በፖላንድ ድንበር ላይ አፍሪካውያን ተማሪዎች ከአውቶቡስና ከባቡር እየተገፉ ነጮቹ ሲያልፉ የአፍሪካ ኅብረት ድምፁን አሰምቷል። አንዳንድ ጋዜጠኛም በቴሌቪዥን ቀርቦ እነዚህ «የሠለጠኑ» ሰዎች ናቸው፣ እንደ ኢራቅ እንደ አፍጋኒስታን አይደሉም አለ። በዚያው ጊዜ ትግራይ ውስጥ ሰው በጦርነትና በረሃብ ያልቅ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም ዓለም ለሰው ልጅ ሁሉ እኩል አያስብም ብለው በግልጽ ሲናገሩ ማን ሊያስተባብል ይችላል?

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ ሁሉ ግን «ስለዚህ ሩሲያ አልወረረችም» የሚል ነገር አይወጣም። ዳኛው ሌባ ቢሆን፣ የተሰረቀችው ላም አልተሰረቀችም ማለት ነው? በእኛ ሰፈር ክርክር ላይ የማየው ጉድለት ይኼ ነው። ምዕራባውያንን የምንጠላበት በቂ ምክንያት አለን፤ 1928ን ራሱ እነሱ ናቸው ያስተማሩን። ጥላቻችንን ግን የሌላ ሰው ቤት ሲቃጠል ለማጨብጨቢያ ካዋልነው፣ ከጄኔቭ የተማርነው ተመልካች መሆንን ብቻ ነው። ማርች 2 ቀን 2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ወረራውን ሲያወግዝ 141 አገሮች ደግፈዋል፣ 5 ተቃውመዋል፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ኤርትራ ከአምስቱ አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም። የመንግሥትን ሂሳብ ለመንግሥት እተዋለሁ፤ ሩሲያ በጸጥታው ምክር ቤት ለእኛ መከታ ስትሆን ስለነበረ ብድር መመለስም አለበት። እኔን የሚከነክነኝ የተማረው ሰው አፍ ላይ ያለችው ተረት ናት፤ «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው።»

እስቲ ተረቷን እንያት። ዝሆኖቹ እነማን ናቸው? «ሩሲያና አሜሪካ» ይላሉ። ታዲያ ዩክሬን የት ገባች? ሣር ሆነች። ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ቋንቋ ያለው፣ ገጣሚ ያለው፣ ሣር! ይህ እኮ የሞስኮ ክርክር ነው፤ ፑቲን በጁላይ 2021 ባሳተመው ረጅም ጽሑፍ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው ያለው። እኛም ሳናውቀው ቋንቋችን ከዚያ ጋር ይስማማል። በደርግ ጊዜ ኪየቭ፣ ኦዴሳ፣ ካርኮቭ ሄዶ የተማረውን ሐኪምና መሐንዲስ ሁሉ «ራሽያ ነው የተማረው» ነበር የምንለው። የሥነ ጽሑፍ ሰው ይህችን ነገር በቀላሉ አያልፋትም። ታራስ ሼቭቼንኮ ገባር ሆኖ ተወልዶ፣ በ1838 ነፃነቱ በገንዘብ ተገዝቶለት፣ በዩክሬንኛ ግጥም በመጻፉ በ1847 ሲታሰርና ሲጋዝ፣ ዛሩ ከመጻፍም ከመሳልም ይታገድ ብሎ በእጁ ጽሑፍ ጨምሮበታል። በ1876 ደግሞ ሌላው ዛር በዩክሬንኛ መጽሐፍ ማሳተምን ራሱን ከለከለ። የሌለ ቋንቋ አይከለከልም። እኛ ፑሽኪንን ደማችን ነው ብለን አደባባይ ሰይመንለታል፤ ደስ ይለኛል፤ ግን ደም የሚቆጠርለት ገጣሚ አንድ ብቻ አይደለም። የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ ከወረራው ሦስት ቀን በፊት ጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ የተናገሩት ለዚህ ነው ልቤን የነካው፤ የእኛም ድንበር ቅኝ ገዢ ያሰመረው ነው፣ ከድንበር ማዶ ዘመድ አለን፣ ዘመድ ፍለጋ ጦር ግን አንሰብቅም ነው ያሉት በጥቅሉ። ከአፍሪካ ወገን ያንን ያህል የጠራ ነገር አልሰማሁም። እናም «ሣሩ» ራሱ በኦገስት 2022 ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ 23,000 ቶን ስንዴ ጭና ጅቡቲ እስክትደርስ ድረስ ስንዴ የሚያበላን ሕዝብ እንደነበረ ብዙዎቻችን አላስተዋልንም። የጫነችው ለኢትዮጵያ ነበር።

ምዕራባውያን ለውሸቱ የሰጡትን መልስስ እንዴት እንየው? አውሮፓ በማርች 2022 አር ቲንና ስፑትኒክን ዘጋች። በሳንሱር ዘመን ያደግን ሰዎች አንድ ጋዜጣ ወይም ጣቢያ ተዘጋ ሲባል እጃችን ለጭብጨባ አይነሳም፤ የእኔም አልተነሳም። በርግጥ ልዩነቱ አይጠፋኝም፤ አውሮፓ ውስጥ የክሬምሊንን ቃል ፈልጎ ያነበበ ሰው አይታሰርም፣ ጎሪኖቭ ግን ታስሯል። ሆኖም መዝጋት ለውሸቱ መልስ አልሆነም። መልስ የሆነው የነዚያ ፎቶ ከፎቶ፣ ጥላ ከጥላ፣ የመኪና ሰሌዳ ከመኪና ሰሌዳ እያስተያዩ ሚሳይሉ ከየትኛው የሩሲያ ብርጌድ እንደመጣ የተከታተሉ ሰዎች ሥራ ነው፤ እንደ ቤሊንግካት ያሉት። ማሳው ድረስ የወረዱት እነሱ ናቸው። አብዛኞቹ መንግሥታት ግን ከጥላው ሥር አልተነሱም።

ከጥላው ሥር ተቀምጦ መቆየት ደግሞ የት እንደሚያደርስ በ2025 አየነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዩክሬንን «መጀመር አልነበረባችሁም» አለ። ስድስት ቀን ቆይቶ፣ ወረራው ሦስተኛ ዓመቱን በሞላበት ዕለት፣ በኒውዮርኩ ጠቅላላ ጉባዔ ዩክሬንና አውሮፓውያን ያቀረቡት ውሳኔ 93 ድጋፍ፣ 18 ተቃውሞና 65 ድምፀ ተአቅቦ አገኘ። ከተቃወሙት መካከል ሩሲያና አሜሪካ ነበሩ። በ1994 ቡዳፔስት ላይ ዩክሬን የኑክሌር መሣሪያዋን ስታስረክብ ድንበርሽን እናከብራለን ብለው ከፈረሙላት ሦስት መንግሥታት ሁለቱ መሆናቸው ነው። በ2022 ከነበሩት 141 ድምፆች አርባ ስምንቱ የት ገቡ? የት እንደገቡ ይገባኛል። «ማን ያውቃል» ብለው ነው የሄዱት።

ሄግ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ አንድ መዝገብ ተከፍቷል። የአውሮፓ ምክር ቤት ያቋቋመው ነው፤ ቤቱ የፈረሰበት፣ ሰው የሞተበት ዩክሬናዊ ጉዳቱን ያስመዘግብበታል። እኛም ነፃ ከወጣን በኋላ እንዲህ ያለ መዝገብ አዘጋጅተን ነበር። የፍርድ ሚኒስቴር የጣሊያንን የጦር ወንጀል ማስረጃ ሰብስቦ በሁለት ጥራዝ አሳትሟል። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽንም በ1948 ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉበትን የአሥር ጣሊያናውያን ስም ተቀበለ። በኢትዮጵያ ላይ በሠራው ወንጀል ፍርድ ፊት የቀረበ ከአሥሩ አንድም የለም። ባዶሊዮ በ1956 በተወለደባት መንደር፣ አልጋው ላይ ሞተ። መንደሯ ዛሬም በስሙ ነው የምትጠራው፤ ግራዛኖ ባዶሊዮ።